ከአውሬዎች ኮሜዲያ እስከ ቆሼ

የአማርኛ ልብ ወለድ የሚያነብ ሰው የ«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ፊታውራሪ መሸሻን ሳያውቅ አይቀርም። ከዚያው መጽሐፍ ጉዱ ካሣንም ይጠቅሳል፤ በዓሉ ግርማ እንዴት እንደጠፋም ሰምቷል። «አልወለድም» የሚባል ከገበያ የተሰበሰበ መጽሐፍ እንደነበረ የሚያስታውስም አልፎ አልፎ ይገኛል። እነዚህ ቁርጥራጮች ሲገጣጠሙ ግን አንድ ታሪክ ይወጣቸዋል። የጌታና የሎሌን፣ የባለርስትና የጭሰኛን ነገር በግልጽ መጻፍ ራስን በሚያስበላበት አገር ጸሐፊዎቻችን ሐሳባቸውን ሌላ ነገር እያለበሱ ሲያወጡት ኖረዋል። አንዱ አውሬ አናገረ፣ አንዱ ፅንስ፤ አንዱ ነገሩን በጋብቻ አመካኘ፣ አንዱ በታመመ መኳንንት ገላ። የምሳሌውን መንገድ ከመነሻው ከተከተልነው መድረሻው ምዕራብ አዲስ አበባ፣ እኔ የምኖርበት ኮልፌ ቀራንዮ ነው። ለምን እንደሆነ ስንደርስ ይታያል።

1900–1913 ዓ.ም.፦ ባሪያና አውሬ

በ1900 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ አንጥረኛውን፣ ሸማኔውንና ቆዳ ፋቂውን በሥራው ማንም እንዳይሰድበው አዋጅ አስነገሩ። በዚያው ዓመት የዘጌው ተወላጅ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሮም ላይ «ልብ ወለድ ታሪክ» የተባለውን፣ ዛሬ «ጦቢያ» የምንለውን መጽሐፍ አሳተሙ። አዋጁና መጽሐፉ አይተዋወቁም። ሁለቱም የሚነኩት ግን አንድ ቁስል ነው፤ ሰው በትውልዱና በእጁ ሥራ የሚመዘንበትን ሥርዓት።

በ«ጦቢያ» ውስጥ አንድ የጦር አለቃ ይማረካል፤ አንድ ደግ ነጋዴ ገንዘብ ሰጥቶ ያስለቅቀዋል። ልጁ ዋሕድ ይህን ውለታ ልክፈል ብሎ ከቤት ሲወጣ ባሪያ ፈንጋዮች ይዘው ይሸጡታል። መንትያ እኅቱ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ፍለጋ ትሄዳለች። ብዙ ሰው የሚያነሳው የፍቅሩን ታሪክና የጦቢያ ስም ከአገሪቱ ስም ጋር ያለውን ዝምድና ነው። እኔን የሚይዘኝ ዋሕድ ነው። የመኳንንት ልጅ በአንድ ቀን የገበያ ዕቃ ሆነ። ማዕረግ ከገላ ጋር እንዳልተወለደ፣ ተገፍፎ ሊወሰድ እንደሚችል ለአማርኛ አንባቢ በልብ ወለድ መጀመሪያ ያሳየው እሱ ነው። እርግጥ መጽሐፉ የሚያዝነው ጨዋ ባሪያ በመሆኑ እንጂ ባርነት በመኖሩ አይመስልም። የዘመኑ ዓይን እስከዚያ ድረስ ነበር የሚያየው።

ከዚህ የበለጠ የደፈሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። በልጅነታቸው ሩሲያ ሄደው የመድፍ ሙያ የተማሩ፣ ተመልሰው መጥተው ያገራቸው አስተዳደር ያንገበገባቸው ሰው ነበሩ። በ1913 ዓ.ም. ገደማ «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለውን ተውኔት ጽፈው አዲስ አበባ ቴራስ ሆቴል ውስጥ አሳዩ። በአማርኛ ለመድረክ የተጻፈ የመጀመሪያው ተውኔት ነው። በመድረኩ ላይ የሚናገሩት አውሬዎች ናቸው፤ የሚናገሩት ግን ስለ ጉቦ፣ ስለ ፍርድ መጓደልና ስለ ሹማምንት ስንፍና ነው። ተመልካቾቹ ደግሞ ሌላ ሰው ሳይሆኑ መኳንንቱ ራሳቸው ነበሩ።

ነገሩ ገባቸው። የንግሥት ዘውዲቱ መንግሥት ተውኔቱን ከለከለ፣ መጽሐፉም ተሰበሰበ። ለአንድ ምሳሌ ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም፤ ያልተገባው ታዳሚ አጨብጭቦ ይሄዳል እንጂ መጽሐፍ አይለቅምም። ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ እስከ ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ዘውድ መድፊያ ድረስ ይህን የመሰለ ተውኔት አላየችም። እኚሁ ደራሲ በ1923 ዓ.ም. የኢትዮጵያን የመጀመሪያ የጽሑፍ ሕገ መንግሥት አረቀቁ።

1923–1941 ዓ.ም.፦ የተማረው ሰው

ይህን ዘመን ፈጠን ብለን እንለፈው። የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ «አዲስ ዓለም» እና የግርማቸው ተክለ ሐዋርያት «አርአያ» በመካከላቸው የጣሊያን ወረራ ይለያያቸው እንጂ ዋና ሰዋቸው አንድ ነው፤ አውሮፓ ተምሮ የሚመለስ፣ ያገሩን ልማድ ሊያቀና የሚታገል ወጣት። የኅሩይ አወቀ ከዘመዶቹና ከቀሳውስቱ ጋር በተዝካር ይጣላል። የግርማቸው አርአያ ከቢሮ ሰው ጋር። ግርማቸው የ«ፋቡላ» ደራሲ ልጅ ናቸው፤ አባታቸው በአውሬ የተናገሩትን ልጅየው በመልካም ምክር ተናገሩት። በነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ገበሬው የሚመከር፣ የሚታዘንለት ሰው ነው። ራሱ አይናገርም። ምሳሌው መብራት ነው፣ መብራቱን የያዘው ደግሞ ሁልጊዜ የተማረው ልጅ ነው።

1953–1957 ዓ.ም.፦ አልወለድም ያለው ልጅ

መታጠፊያው የመጣው በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ነው። የክብር ዘበኛ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ቢከሽፍም ንጉሡ የማይነኩ መሆናቸው ላይ ስንጥቅ ጣለ። በዚያው ዓመት በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የግጥም በዓል ላይ ታምሩ ፈይሳ የሚባል ተማሪ «ድሃው ይናገራል» የሚል ግጥም አነበበ። ርእሱ ብቻ ይበቃል። እስከዚያ ሲታዘንለት የነበረው ሰው አንደበት አገኘ።

ሁለት ዓመት ቆይቶ አቤ ጉበኛ «አልወለድም»ን አወጣ። የአቸፈር ልጅ ነው፤ ቅኔ ቤት ያደገ። በመጽሐፉ ውስጥ ፅንስ በእናቱ ማኅፀን ሆኖ ይሟገታል፤ እንዲህ ካለ ድህነትና ግፍ ውስጥ አልወጣም ይላል። ቆም ብለን እንየው። ያገራችን ሰው ልጅ በዕድሉ ያድጋል ይላል፤ ድህነትም ጽሕፈት ነው ብሎ ይቀበላል። አቤ ያንን አባባል ከሥሩ ነው የነቀለው። ድሃ ሆኖ ለመወለድ እንኳ ፈቃድ ሊጠየቅ ይገባል አለ። በአውሬ አፍ መናገር ሹሙን መውቀስ ነው። በፅንስ አፍ መናገር ግን ሥርዓቱ እንዳለ አያስፈልግም ማለት ነው። መጽሐፉ ወዲያው ከገበያ ተለቀመ፤ ደራሲውም ኋላ ወደ ጎሬ ተጋዘ። አጻጻፉ ስብከት ይበዛዋል፤ ምሳሌው ግን በአማርኛ ከተፈጠሩት ሁሉ የከረረው ነው ባይ ነኝ።

መንግሥቱ ለማ ሌላ መንገድ መረጡ፤ ሳቅ። ከለንደን ትምህርታቸው የተመለሱት የአለቃ ለማ ልጅ በ1957 ዓ.ም. «ያላቻ ጋብቻ»ን አሳተሙ። ባሕሩ የተባለ የተማረ የመኳንንት ዘር ገረዱን በለጤን ያገባል፤ አክስቱ ወይዘሮ አልጋነሽ ይህን ሲሰሙ የሚሆኑትን መሆን ነው ተውኔቱ። ደም አይፈስም፣ መፈክር አይሰማም። ወይዘሮዋ የአጥንት ቆጠራቸውን ባነሱ ቁጥር ተመልካቹ ይስቃል፤ ብዙው ተመልካች ግን በየቤቱ ወይዘሮ አልጋነሽን የመሰለች አክስት ነበረችው። ገረድ እንዲያው በቤቱ የምትንጎዳጎድ ሰው መሆኗ ቀርቶ የጨዋታው መሐል ሆነች።

1958 ዓ.ም.፦ ዲማ፣ ሾላ፣ ዘነበወርቅ

አንድ ዓመት ብቻ ምረጥ ብባል 1958ን እመርጣለሁ። «ፍቅር እስከ መቃብር» የወጣው በዚህ ዓመት ነው።

ሐዲስ ዓለማየሁ አርበኛ ነበሩ፤ በጣሊያን እስር ቤት የቆዩ፣ ኋላም በዲፕሎማሲ ያገለገሉ ሰው። ስለ ፍቅር የጻፉት መጽሐፍ የተሠራው ከሁለት ስለቶች ነው። በዛብህ ከድሃ ቤት ይወለዳል፤ ወላጆቹ ለቤተ ክርስቲያን ተስለውታል፤ ስለዚህ ለጋብቻ የራሱ አይደለም። ሰብለ ወንጌል የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ናት፤ አባቷ ትውልዳቸውን ሲቆጥሩ ለሷ የሚመጥን አጥንት ከምድር አጥተውለታል። ዕድሜዋ ይሄዳል፣ ጠያቂ ይመጣል፣ ይመለሳል። የድሃው ልጅ ለታቦት ተሰጠ፣ የጌታው ልጅ ለዘር ሐረግ። ሁለቱም የራሳቸው አይደሉም። አጥንት ድሃውን ብቻ ሳይሆን ባለቤቱንም እንደሚያስር ሐዲስ ያሳዩት እንዲህ ነው። በዛብህ መምህር ሆኖ ዲማ ወዳለው ወደዚያ ቤት ሲገባ፣ ፊደል የምታስተምር ጣት በፊደል ላይ ስትሄድ፣ አጥሩ ከውስጥ ተከፈተ።

የፊታውራሪ መሸሻ አሣሣልም ይገርማል። ክፉ ብቻ ቢሆኑ ኖሮ እንረሳቸው ነበር። ይጎርራሉ፣ ያኮርፋሉ፣ ያረጀ ገላቸውን በወጣት ልብ ሊነዱ ይሞክራሉ። ባላገሩ ከልማድ ያለፈ ግብር አንሰጥም ብሎ በአበጀ በለው መሪነት ሲሸፍት እሳቸው ተዋግተው ሊያስገብሩት ይዘምታሉ፤ ተማርከው ይገኛሉ። ጭሰኛ ጌታውን ማረከ። አንባቢው ይህን የሚያነበው እየሳቀ ነው፤ ሳንሱሩም ሳይስቅ አልቀረም መሰለኝ፣ መጽሐፉ አለፈ።

ሐዲስ ስለ ጎጃም ባላገር ሲጽፉ አዲስ አበባ የራሷን መደብ በመሬቷ ላይ እየሣለች ነበር። በዚሁ በ1958 ዓ.ም. ግንቦት ላይ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አደባባይ ወጡ፤ ከከተማው እየተለቀሙ ሾላ በሚገኝ ካምፕ የታጎሩትን ለማኞችና መጠለያ አልባዎች ይዞታ አይተው መምጣታቸው ነበር። ድህነት ወንጀል ነወይ ብለው ጠየቁ። በዚሁ ዓመት፣ ታኅሣሥ ላይ፣ በከተማው ምዕራብ ጫፍ በዘነበወርቅ ሆስፒታል ግቢ የሥጋ ደዌ ማሠልጠኛ ተቋሙ አለርት ተመሠረተ። ሆስፒታሉ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የተሠራና በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የተጠራ ነው። ታማሚው ከመላ አገሪቱ እየመጣ ይታከማል፤ አገሩ መልሶ ስለማይቀበለው እዚያው አጠገብ ጎጆ ይቀልሳል፣ ይሸምናል፣ ይፈትላል፣ ቅዳሜና እሑድ ወደ አብያተ ክርስቲያናት ወጥቶ ይለምናል። ከዚያ ብዙም በማይርቀው ረጲ ደግሞ ከተማዋ በ1950ዎቹ አጋማሽ ቆሻሻዋን መድፋት ጀምራለች። ሰፈሩ ሳይውል ሳያድር ቆሼ ተባለ።

ያኔ ከተማው ማየት የማይፈልገውን ሰውና ማየት የማይፈልገውን ዕቃ ወደ አንድ አቅጣጫ ነበር የሚልከው። ልብ ወለዱ ገና ከጌታ አዳራሽ አልወጣም። ይህን የምለው ሐዲስን ለመውቀስ አይደለም፤ የሚያውቁትን ጻፉ፣ እንደሳቸው ያወቀውም የለም።

1962–1966 ዓ.ም.፦ ተራራ የወጣው ሕመምተኛ

በ1962 ዓ.ም. ሁለት ትልልቅ ልብ ወለዶች ታተሙ። በዓሉ ግርማ በ«ከአድማስ ባሻገር» አዲሱን የከተማ ደመወዝተኛ አመጣው፤ አበራ ወርቁ መሥሪያ ቤት አለው፣ ቪላ አለው፣ ሠዓሊ መሆን ግን ይፈልጋል። ማዕረግ ከአጥንት ወደ ደመወዝ መሸጋገሩን ያየንበት መጽሐፍ ነው። የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» ደግሞ ለአገልግሎት ወደ ሰሜን ሸዋ የተላከ ተማሪ ነው፤ የባለርስቷን የወይዘሮ አሰጋሽን ዓለም በክርክር ሊያደፈርስ ይሞክራል፣ ያገሬው ሰው ቋንቋው አይገባውም። ሰማይ የሚነካ አማርኛ ነው፤ ለማንበብ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል፣ በጊዜውም ብዙ አንባቢ አላገኘም።

እዚህ ላይ አሜሪካ በታሪኩ ውስጥ ትገባለች። ዳኛቸውም አቤ ጉበኛም በአይዋ ዩኒቨርሲቲ የዓለም አቀፍ ጸሐፊዎች ፕሮግራም ተካፋዮች ነበሩ፤ በዓሉ ግርማ ሚሺጋን ተምሯል። ዳኛቸው በእንግሊዝኛ የጻፈውን «አሥራ ሦስተኛዋ ፀሐይ» የሎንዶኑ ሃይነማን እ.ኤ.አ. በ1973 አሳተመው። ታሪኩ ቀላል ነው። ፊታውራሪ ወልዱ በጠና ታመዋል፤ ጸበል ይሽለኛል ብለው በሰው ሸክም ወደ ዝቋላ አናት ይወጣሉ። የተማረው ልጃቸው ጎይቶምና ሴት ልጃቸው ወይኒቱ አብረው አሉ። ተራራው ላይ የአንድ ገበሬ ቤት ያርፋሉ። ጸበሉም ጠንቋዩም አያድናቸውም፤ ይሞታሉ፤ ሬሳቸው በመጡበት መንገድ ይወርዳል።

ገበሬው የታመመውን ሥርዓት በትከሻው ተሸክሞ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሥርዓቱ ትከሻው ላይ ሆኖ ያዝዛል። ከፊታውራሪ መሸሻ ወደ ፊታውራሪ ወልዱ ያለው ርቀት ሰባት ዓመት ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው አሁንም ለመዋጋት በቅሎ ይጭናሉ፣ ሁለተኛው መነሣት አይችሉም። መጽሐፉ በወጣበት ዓመት የወሎ ረሀብ ተጋለጠ፣ በዓመቱ ንጉሡ ወረዱ። ዳኛቸው ነቢይ አልነበረም። የሕመሙን መጠን ግን እንደ ሐኪም ለክቶታል።

1967–1983 ዓ.ም.፦ ሁሉም ነገር በስሙ ሲጠራ

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የመንግሥት ሆነ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ትርፍ ቤትና የከተማ ቦታ ተወረሰ። ፊታውራሪ መሸሻ ርስት የላቸውም፣ የወይዘሮ አልጋነሽ የኪራይ ቤቶች የቀበሌ ሆኑ። መደብ የሚለው ቃል ከሬዲዮ ወጥቶ በየስብሰባው አፍ ገባ። ጸሐፊው ያ ሁሉ ዘመን በምስጢር ሲያወራው የኖረውን መንግሥት ራሱ በድምፅ ማጉያ ይለው ጀመር።

ይህ ለምሳሌ አጻጻፍ አልበጀውም። ወዛደሩ ሁልጊዜ ጡንቻማ፣ አድኃሪው ሁልጊዜ ቦርጫም ሆነ። ብርሃኑ ዘሪሁን «ማዕበል» ባለው ሦስት ተከታታይ መጽሐፍ ከወሎ ረሀብ ተነሥቶ አብዮቱን ሲተርክ ከዚህ ለመራቅ ተፍጨርጭሯል፤ ብዙዎቹ ግን አልሞከሩም። አንባቢው የት እንዳለ ለማወቅ ሬዲዮ መክፈት ይበቃ ነበር። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲያነብ አገሩ ሁሉ ጆሮውን ይሰጣል፤ በሶሻሊስት መንግሥት ጣቢያ የፊውዳል ጌታ ልጅ ፍቅር ሕዝቡን ያስለቅሳል። ፊታውራሪ መሸሻ በወጋየሁ ድምፅ ሲያገሱ ማን የማይስቅ ነበር!

አዲስ ገዢዎች መፈጠራቸውን የተናገረው በዓሉ ነው። በ1975 ዓ.ም. የወጣው «ኦሮማይ» ለቀይ ኮከብ ዘመቻ አስመራ የወረዱትን ሹማምንት ከነሆቴላቸው፣ ከነግብዣቸው ያሳያል። አብዮቱ ያፈረሰው አዳራሽ ውስጥ ሌሎች ገብተውበታል። መጽሐፉ ተለቀመ። በዓሉ ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ ወጥቶ አልተመለሰም። ከ«ፋቡላ» እስከ «ኦሮማይ» ስድሳ ዓመት አለፈ፤ የተለወጠው ቅጣቱ ነው እንጂ መሰብሰቡ አልቀረም።

ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ፦ ቤትና ቆሻሻ

ሳንሱር ሲነሣ ምሳሌው ይጠፋል ያለ ነበር። አልጠፋም፤ ቦታ ለወጠ። አዳም ረታ «ማሕሌት»ን ገና ሳንሱሩ ሳለ በ1981 ዓ.ም.፣ «ግራጫ ቃጭሎች»ን በ1997 ዓ.ም. ሲያሳትም የድሃውን ነገር በንግግር አልተወም፤ በዕቃ አስቀመጠው። ምጣድ፣ ሎሚ፣ የተጣፈ ልብስ፣ የጓዳ ሽታ። እንጀራን ለድርሰቱ ቅርጽ አድርጎ ስለ ሕጽናዊነት፣ ማለት ድርሰቶች እርስ በርስ ስለመያያዛቸው፣ የጻፈውን ሁሉም ሰው አይቀበለው ይሆናል። እኔ ግን የአዲስ አበባን መለስተኛ ቤት እንደሱ ከውስጥ ያየ አላነበብሁም።

በዚያው ሰሞን፣ እ.ኤ.አ. በ2007፣ አዲስ አበባ ተወልዶ ኢሊኖይ ያደገው ዲናው መንግሥቱ በእንግሊዝኛ የመጀመሪያ ልብ ወለዱን አሜሪካ ውስጥ አወጣ። ባለታሪኩ ስጳ እስጢፋኖስ አባቱ በቀይ ሽብር የተገደለበት ስደተኛ ነው፤ ዋሽንግተን ሎጋን ሰርክል አጠገብ ትንሽ ግሮሰሪ አለችው። ጎኑ ያለውን የተጎሳቆለ ትልቅ ቤት አንዲት ነጭ ምሁር ገዝታ ታሳድሰዋለች። የቤቱ መታደስ ለሰፈሩ ጥቁር ድሆች የመባረር ደወል ነው፤ መጨረሻው እሳት ይሆናል። ስጳ ከሁለቱም ወገን አይደለም፤ ከባንኮኒው ኋላ ሆኖ ያያል። የወይዘሮ አልጋነሽ አገር ልጅ በአሜሪካ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ ስለ ቤትና ስለ መደብ የሚናገር ሆነ።

አሜሪካውያን በዚህ ረገድ አንድ የተዋጣለት ምሳሌ አላቸው። ስኮት ፊትዝጀራልድ እ.ኤ.አ. በ1925 ባሳተመው «ታላቁ ጋትስቢ» ውስጥ ከባለጸጎቹ መንደር ወደ ኒው ዮርክ የሚወስደው መንገድ በአመድ ክምር ሸለቆ ያልፋል። ሀብታሞቹ እዚያ የሚቆሙት ለነዳጅና ለድብቅ ፍቅር ነው፤ ጋራዥ ያለው ዊልሰን ግን እዚያው ይኖራል፣ የድግሱን ዕዳ የሚከፍሉትም እሱና ሚስቱ ናቸው። ደራሲው አልፈጠረውም፤ ኩዊንስ ውስጥ ኮሮና የሚባል እውነተኛ የአመድ መጣያ ነበር። ቦታው ኋላ ተደልድሎ እ.ኤ.አ. በ1939 የዓለም ኤግዚቢሽን ተከፈተበት።

የኛው ሸለቆ ቆሼ ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ ነው። ከአየር ጤና ወደ ዘነበወርቅ በታክሲ ያለፈ ሰው ያውቀዋል፤ መስኮት ይዘጋል፣ ነጠላ አፍንጫ ላይ ይደረጋል። ከቆሻሻ መኪናው የሚራገፈውን ከበው የሚለቅሙት ሰዎች ፕላስቲኩን ለብቻ፣ ብረቱን ለብቻ፣ የሚበላውን ለብቻ ይለያሉ። በቪላ የተጣለ በቆሼ ይገዛል፣ ይሸጣል፣ ይበላል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ምሽት ክምሩ ተንዶ ሥሩ የነበሩትን ቤቶች ዋጠ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ናቸው። ሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. እዚያው ረጲ ላይ ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ጣቢያ ተመረቀ።

ፊታውራሪ መሸሻ ዘመናቸው ካለፈም በኋላ በሕይወት አሉ፤ ሐዲስ ከማንም በላይ ስላወቋቸው ነው። ቆሼም ያን ያህል የሚያውቀው ሰው ይገባዋል፤ ከጋዜጣ ዜናና ከሐዘን ግጥም የሚያልፍ። ክምሩ ላይ ሲለቅሙ ያደጉ ሰዎች ዛሬም አየር ጤናና ዘነበወርቅ አሉ። ልብ ወለድ እጽፋለሁ የምትል የኮልፌ ልጅ ብትኖር፣ ከመጀመሯ በፊት ሄዳ ታናግራቸው።